ከእብነ በረዱ በፊት ጉድጓዱ

ኮምቦልቻ ዳር አርባ ቤት ለሚሠሩ የማኅበር አባላት በቦታው ላይ የተደረገ ንግግር

አሰላሙ አለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱሁ። የእግዚአብሔር ሰላም ከሁላችሁ ጋር ይሁን። እንዴት አደራችሁ? ከደሴ በማለዳ ተነሥታችሁ የሐረጎን ቁልቁለት በጉም የወረዳችሁ፣ እንኳን በሰላም ገባችሁ። ከዐረብ አገር ለዕረፍት መጥታችሁ ዕረፍታችሁን ለስብሰባ የሰጣችሁ እህቶች፣ አላህ ያክብርልን። አቦሉ ተጠጥቷል፤ ቶናው እስኪደርስ ትንሽ ወሬ ጀባ ልበላችሁ።

ከወሬው በፊት አንድ ማሳሰቢያ አለኝ። ከድንኳኑ ጀርባ፣ የጥጉ ቦታ ላይ፣ ልጆቹ ትናንት ማታ አንድ ጉድጓድ ቆፍረዋል። ጥልቀቱ 60 ሳንቲም፣ ስፋቱ 30 ሳንቲም ነው። ከታች ትንሽ ጠጠር አለበት። ሌሊቱን ሙሉ ውሃ ሲጠጣ አድሯል። አሁን፣ ማይኩን ከመጨበጤ በፊት፣ 15 ሳንቲም ውሃ ሞላንበትና ውሃው የደረሰበትን በእንጨት ላይ በሚስማር ጫርነው። አንድ ሰዓት ሲሞላ አብረን ሄደን እናያለን። እስከዚያ ማንም እንዳይነካው፤ እናቶች ልጆቹን ያዙልኝ። ምን እንደሚነግረን ስንደርስበት እናገራለሁ።

እንግዲህ ለምን ወደዚህ መጣን? ደሴ ጠበበች። የጦሳ ተራራ በአንድ ወገን፣ አዝዋ ገደል በሌላ ወገን ይዘዋት የምትዘረጋበት አጣች። ኮምቦልቻ ሜዳ አላት፤ ኤርፖርት አላት፤ ከሐምሌ 2009 ዓ.ም. ጀምሮ የኢንዱስትሪ ፓርክ አላት። ሙቀትም አላት። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ኮምቦልቻ 1,850 ገደማ። በ25 ኪሎ ሜትር መንገድ 650 ሜትር ወረድን ማለት ነው፤ በዚያ ልክ አየሩ 4 ዲግሪ ያህል ሞቀልን። ቁርጥማት ያለባቸው እናቶች ይህን ከእኔ በላይ ያውቁታል።

ግን ሥራችን አልወረደም። ሱቁ ፒያሳ ነው፣ መሥሪያ ቤቱ ደሴ ነው፣ ደንበኛው ሰኞ ገበያ ነው። ማደሪያችን እዚህ፣ ውሏችን እዚያ። በሌላው ዓለም ደኅና ኑሮ ያለው ሰው ከከተማ ወጣ ብሎ ይሠራል፣ ጠዋት ይሄዳል፣ ማታ ይመለሳል። እኛም ያንኑ ነው የጀመርነው። በሥዕሉ ላይ ቪላው ያምራል። ጂፕሰሙ፣ አልሙኒየሙ፣ የደረጃው እብነ በረድ፣ ሁሉም አለ። አንድ ጥያቄ ልጠይቃችሁ፦ ሥዕሉ ላይ የሽንት ቤቱን ጉድጓድ ያየ ሰው አለ? የዝናቡ ውሃ ወዴት እንደሚሄድ ያየስ?

አያችሁ፣ መሃል ከተማ የሚኖር ሰው ከግቢው በር ውጭ ያለውን ነገር ሌላ ሰው ያስብለታል። ክፉም ይሁን ደግ፣ ቦይ አለ፣ መስመር አለ፣ መብራት ያለው ምሰሶ አለ። ዳር የወጣ ሰው ግን ለራሱ ማዘጋጃ ቤት ነው። ይህን ያልቆጠረ ሰው እብነ በረዱን ያነጥፍና በጀሪካን ውሃ ያጥበዋል።

አራት ነገር እናገራለሁ፦ ውሃ፣ ፍሳሽ፣ መብራት፣ መንገድ። መብራቱ ላይ አልቆይም። ፍሳሹ ላይ እቆያለሁ፤ አፍንጫችሁን የምትይዙ ካላችሁ ከአሁኑ ያዙ።

አንደኛ፣ ውሃ።

ስድስት ሰው ያለበት ቤት እንውሰድ። ሻወር፣ ወጥ ቤት፣ ልብስ፣ መጸዳጃ፤ ለአንድ ሰው በቀን 80 ሊትር እንያዝ። 480 ሊትር በቀን። ውሃው በፈረቃ ነው የሚመጣው፤ አምስት ቀን ቢጠፋ 2,400 ሊትር ያስፈልጋል፣ አትክልት ላጠጣ ካላችሁ 3,000። ታዲያ ሰው ምን ያደርጋል? 2,000 ሊትር ሮቶ ይገዛና ጣሪያ ላይ ይሰቅላል። ሁለት ስሕተት በአንድ ቀን!

አንደኛው ስሕተት ክብደቱ ነው። አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ነው። 2,000 ሊትር ሁለት ቶን ነው። ሁለት ቶን ከብሎኬት ግድግዳ በላይ፣ ከኮለን ርቆ ሲቀመጥ ግድግዳው በዓመቱ ይሰነጠቃል። የግድ መሰቀል ካለበት ኮለኑ አናት ላይ፣ ቢም ላይ ይረፍ።

ሁለተኛው ስሕተት ግፊቱ ነው። ውሃ ሲለቀቅ፣ በተለይ ሌሊት 9 ሰዓት ላይ፣ መስመሩ ውስጥ ያለው ግፊት ብዙ ጊዜ ጣሪያ አይደርስም። መሬት ላይ ግን ይደርሳል። ሌሊቱን ሙሉ ከመሬት እኩል ቧንቧው ሲንጠባጠብ ያድራል፣ ጣሪያ ላይ ያለው ሮቶ ደረቅ ሆኖ ይነጋል። ስለዚህ ትልቁን ማጠራቀሚያ መሬት አድርጉት፣ 5,000 ሊትር። ከላይ 1,000 ሊትር ይበቃል። በመሃል ውሃ የሚገፋ የግማሽ ፈረስ ጉልበት ዲናሞ አስገቡ፤ 1,000 ሊትሩን በግማሽ ሰዓት አካባቢ ያወጣዋል።

ዲናሞው ለምን ይቃጠላል? ብዙ ጊዜ ባዶውን ስለሚዞር ነው። የታችኛው ታንከር አለቀ፣ ማንም አላየም፣ ዲናሞው ይዞራል፤ የሚያቀዘቅዘው ውሃው ነበር፤ ውሃ የለም፤ ማሸጊያው ይቃጠላል። መፍትሔው ታንከሩ ውስጥ የሚንሳፈፍ ማብሪያ ማጥፊያ ነው። ውሃው ሲወርድ አብሮ ይወርድና ራሱ ያጠፋዋል። ዋጋው ከዲናሞው ጋር ሲተያይ ኢምንት ነው።

አንድ ነገር ደግሞ እዚህ ላይ በግልጽ ልናገር፤ የሚቀየመኝ ይቀየመኝ። ዲናሞን በቀጥታ ከከተማው መስመር ጋር የሚገጥም ሰው አለ። ይህ ሰው የጎረቤቱን ውሃ እየሳበ ነው። ያ ብቻ አይደለም፤ መስመሩ ውስጥ ባዶ ሲፈጠር፣ በተሰነጠቀው ቧንቧ በኩል የቦዩን ቆሻሻ ውሃ ይስባል። ከዚያ የሚጠጣው ማነው? ራሱ ነው፤ ልጆቹ ናቸው። በማኅበራችን መተዳደሪያ ውስጥ ይህ እንዲከለከል እጠይቃለሁ። እጠይቃለሁ ብቻ ሳይሆን፣ አምርሬ እጠይቃለሁ።

ግፊት ካነሣን፦ አንድ ሜትር ከፍታ 0.1 ባር ግፊት ነው። ሮቶው ከሻወሩ 3 ሜትር ከፍ ካለ 0.3 ባር አገኘን። ለቧንቧ ይበቃል፤ አንዳንዱ በቅጽበት የሚያሞቅ የሻወር ማሞቂያ ግን አይነሣበትም። ማሞቂያ ከመግዛታችሁ በፊት ጀርባው ላይ የተጻፈውን ዝቅተኛ ግፊት አንብቡ። ደግሞ ከሮቶው የሚወርደው ቧንቧ 32 ሚሊ ሜትር ይሁን። በ20 አውርዶ፣ አምስት ቦታ በጎሚቶ፣ በቧንቧ ማጠፊያው፣ ጠምዝዞ፣ «ውሃው ደከመ» ማለት አይሆንም። ጎሚቶ በበዛ ቁጥር ውሃው ይደክማል።

ዝናቡንስ? ኮምቦልቻ በዓመት 1,000 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ ታገኛለች፣ ግማሽ ያህሉ በሐምሌና በነሐሴ ነው። 100 ካሬ የቆርቆሮ ጣሪያ ላይ አንድ ሚሊ ሜትር ሲዘንብ 100 ሊትር ነው። የሚረጨውንና የሚተነውን ቀንሰን 80 እንበለው። በዓመት 80,000 ሊትር! ለመጠጥ አላልኩም። ለልብስ፣ ለአበባ፣ ለመጸዳጃ። የመጀመሪያው ዝናብ የከረመ አቧራና የወፍ ኩስ ይዞ ይወርዳልና አሽንዳው ላይ እሱን ወደ ውጭ የምታፈሱበት መክፈቻ አድርጉ። ክዳኑን ደግሞ ግጠሙ። ደሴ የኖረ ሰው ስለ አጎበር ብዙ አያውቅም። እዚህ ወባ አለ፤ ክፍት ሆኖ የተኛ ውሃ የትንኝ ማሳደጊያ ነው። መስኮቱ ላይም ወንፊት አስገቡበት።

ታንከሩ በስድስት ወር አንዴ ይታጠብ። አተላውን አውጥታችሁ፣ ቦርሻችሁ፣ ሞልታችሁ፣ ለ1,000 ሊትር አንድ ሊትር የ5 በመቶ በረኪና ጨምሩ። ያድር። ጠዋት አፍስሱ፣ ደጋግማችሁ አለቅልቁ። ያደረውን ውሃ ሽንት ቤት ጉድጓድ ውስጥ እንዳታፈሱት፤ ምክንያቱን አሁን እናገራለሁ።

ሁለተኛ፣ ፍሳሽ። ጉድጓዱን አልረሳችሁም አይደል?

እዚህ አገር ሽንት ቤት ጉድጓድ ሲባል ሰው የሚያስበው በጥልቁ የተቆፈረ፣ ከላይ በሶሌታ የተከደነ ነገር ነው። «ስድስት ሜትር አስቆፈርኩ፣ ዕድሜ ልኬን አይሞላም» ይላል። ይሞላል። በሁለተኛው ክረምት ይሞላል፤ ምክንያቱም አፈሩ ዋልካ ነው። ዋልካ ውሃ ከጠጣ በኋላ ያብጥና ይዘጋል፤ እንደ ሸክላ ድስት ይይዛል እንጂ አያሰርግም። ክረምት ላይ ደግሞ ከውጭ ወደ ውስጥ ነው የሚገባው።

ትክክለኛው አሠራር ሁለት አካል አለው። አንዱ ሴፕቲክ ታንክ ነው፤ ውሃ የማያስገባ የማያስወጣ፣ ቆሻሻው የሚረጋበት። ሁለተኛው ማስረጊያው ነው፤ የረጋው ውሃ ወደ መሬት የሚገባበት። ለስድስት ሰው ቤት ሴፕቲኩ በውስጥ ልኬት 2.4 ሜትር ርዝመት፣ 1.2 ስፋት ይሁን፣ የውሃው ከፍታ 1.2። ወደ 3.5 ሜትር ኩብ ይይዛል። በግድግዳ ለሁለት ክፈሉት፤ መግቢያው በኩል ያለው 1.6 ሜትር፣ ሁለተኛው 0.8። የመካከለኛው ግድግዳ ቀዳዳ ከላይም ከታችም አይሁን፣ ከመሃል ይሁን። ለምን? ከላይ ቅባቱ ይንሳፈፋል፣ ከታች ዝቃጩ ይተኛል፤ ከሞላ ጎደል የጠራው ውሃ መሃል ነው ያለው።

መግቢያና መውጫው ላይ ቲ፣ ማለትም በቲ ቅርጽ የተሠራውን የቱቦ መጋጠሚያ፣ ግጠሙ። ይህን ቲ ነው ግንበኛው «ምን ያደርጋል» ብሎ የሚያስቀረው። መውጫው ላይ ቲ ከሌለ ቅባቱ ቀጥ ብሎ ወደ ማስረጊያው ይሄዳል፣ የአፈሩን ቀዳዳ እንደ ቀለም ይለስነዋል፣ በሁለት ዓመት ማስረጊያው ይሞታል። በስንት ብር ቲ! መውጫው ከመግቢያው ከ5 እስከ 7 ሳንቲም ዝቅ ይበል። ሁለቱም ክፍል ክዳን ይኑረው፤ ክዳኑ በሴራሚክ አይሸፈን። መጣጩ መኪና መጥቶ ሴራሚክ በመዶሻ ሲሰበር የሚጮኸው ባለቤቱ ነው።

ከቤት የሚወጣው ቱቦ የ110 ይሁን፣ ተዳፋቱ በሜትር 2 ሳንቲም። ያነሰ ከሆነ ይቆማል። የበዛ ከሆነስ? ውሃው ጥሎት ይሮጣል፣ ደረቁ ይቀራል፤ ያም ይደፈናል። ሰው «አዘቅዝቄዋለሁ፣ ምን ሆነ?» ይላል። አብዝተህ አዘቀዘቅኸው እኮ ወንድሜ።

ዝቃጩ የታንኩን አንድ ሦስተኛ ሲይዝ ይመጠጥ። የአንድ ሰው ዝቃጭ በዓመት 40 ሊትር ገደማ ነው፤ ስድስት ሰው 240። በሦስት ዓመት አንዴ አስመጥጡ። በረኪና አታፍስሱበት፤ ቆሻሻውን የሚበላው እዚያ ውስጥ ያለው ተሕዋስ ነው፣ በረኪና ይገድለዋል። የታንከር እጥበቱን ውሃ ለብቻው አፍስሱ ያልኩት ለዚህ ነው።

አሁን ደግሞ ስለ ቡና። አትሳቁ! ወሎ ውስጥ ቡና በቀን ሦስት ጊዜ ይፈላል። ጀበናው ይታጠባል፣ አተላው በወጥ ቤቱ ሲንክ ይወርዳል። ከላዩ የወጥ ቅባት ይወርዳል። የቡና አተላና የቀዘቀዘ ቅባት ሲፎኑ ውስጥ ሲገናኙ ሲሚንቶ ይሆናሉ። ተከፍቶ ያየ ያውቀዋል፤ ጥቁር፣ እንደ ሳሙና የሚቆረጥ፣ የሚሸት ነገር ነው። አተላውን ለአበባ ሥር ስጡት። ከሲንኩ ውጭ ደግሞ ቅባት የሚይዝ ትንሽ ሳጥን፣ 40 በ40 በ50 ሳንቲም፣ አሠሩና በወር አንዴ ቅባቱን በጭልፋ ግፈፉ።

ማስረጊያው ቤት ከሚያርፍበት መሠረት ቢያንስ 5 ሜትር፣ ከውሃ ጉድጓድ 30 ሜትር ይራቅ። የእኛ ቦታ 10 በ25 ነው። የውሃ ታንከሩን ከላይኛው ጫፍ፣ ሴፕቲኩን ከታችኛው ጫፍ አድርጉ። በዕጣ የደረሳችሁ ቦታ ጀርባው ከፍ ያለ ከሆነ ታንከሩ ከጀርባ ነው፤ ከበሩ አጠገብ ይሁን ብላችሁ አትከራከሩ።

እንግዲህ የዛሬው ጉድጓድ የሚነግረን ይህን ነው። በአንድ ሰዓት ውስጥ ውሃው ከ2.5 ሳንቲም በላይ ከወረደ አፈሩ ያሰርጋል፤ ማስረጊያ መሥራት እንችላለን፤ ፈጥኖ በወረደ ቁጥር ማስረጊያው ያንሳል። ከ2.5 ካልወረደ አያሰርግም። በቃ። አርባ ቤት አርባ ማስረጊያ ቢቆፍር አርባ ኩሬ ነው የሚሆነው። ደሴ ተዳፋት ላይ ደግሞ ነገሩ ይከፋል፤ እዚያ ወደ ቁልቁለት የሚሰርግ ፍሳሽ መሬቱን አርሶ ለመንሸራተት ያመቻቸዋል። ደሴ ቤት ያላችሁ ይህን ይዛችሁ ሂዱ።

ካላሰረገ ምን እናደርጋለን? አንዱ መንገድ ዝም ብሎ የታሸገ ታንክ ነው። ሒሳቡን ስሙ፦ 10,000 ሊትር ታንክ፣ በቀን 480 ሊትር፤ በ21ኛው ቀን ሞላ። በየሦስት ሳምንቱ መጣጭ መኪና። ማን ይችለዋል? ሌላው መንገድ የመጸዳጃውንና የመታጠቢያውን ውሃ ገና ከቤቱ ሲወጣ መለየት ነው። የመጸዳጃው ድርሻ አንድ ሦስተኛ ገደማ ነው፤ ያኔ ያው ታንክ ሁለት ወር ይቆያል። የሻወሩና የልብሱ ውሃ በጠጠርና በአሸዋ አልፎ ለሙዝ፣ ለሎሚ ይሂድ፤ ቅጠሉ ጥሬውን ለሚበላ ሰላጣ ግን አይሁን። ይህ የሚሆነው ቱቦው ከመቀበሩ በፊት ከታሰበበት ነው። ወለሉ ከተነጠፈ በኋላ ሁለቱን ውሃ ልለይ ማለት ቤቱን እንደገና መሥራት ነው። ሦስተኛው መንገድ፣ ለእኔ የሚሻለው፣ የጋራ ነው፤ አርባውም ቤት በአንድ ቱቦ ወደ ታችኛው ጥግ አውርዶ እዚያ በጋራ ማጣራት። እመለስበታለሁ።

ስለ ዋልካ ካነሣን አንድ ቃል ስለ መሠረት። ዋልካ በጋ ይሰነጠቃል፣ ክረምት ያብጣል፤ ቤቱን በዓመት አንዴ ያነሣዋል፣ አንዴ ይጥለዋል። ከበርና ከመስኮት ጥግ ተነሥቶ እንደ ደረጃ የሚወጣ ስንጥቅ ካያችሁ እሱ ነው። ዋልካውን አውጥቶ በተመረጠ አፈር እየረገጡ መሙላት፣ ዙሪያውን አንድ ሜትር ስፋት ያለው ወደ ውጭ ያዘነበለ ንጣፍ መሥራት፣ ባሕር ዛፍን ቢያንስ በቁመቱ ልክ ማራቅ። ባሕር ዛፉ ከቤቱ ሥር ያለውን እርጥበት ሲመጥ አፈሩ ይኮማተራል፣ ያ ጥግ ይሰምጣል።

ሦስተኛ፣ መብራት። አጭር ነው።

ምጣድ 3,500 ዋት ገደማ፣ የውሃ ማሞቂያ 1,500፣ ምድጃ 2,000፣ ዲናሞ ከ400 እስከ 750። ቅዳሜ ጠዋት ሁሉም አንድ ላይ ሲበራ 35 አምፔር ይደርሳል። ምሰሶው ከቆጣሪው 60 ሜትር ቢርቅና ሰው በ6 ካሬ ሚሊ ሜትር የመዳብ ሽቦ ቢስበው፣ 13 ቮልት መንገድ ላይ ይቀራል። በ16 ቢስበው 5 ቮልት አይሞላም። ሰፈሩ በሙሉ በአንድ ደካማ ትራንስፎርመር ላይ ሆኖ 180 ቮልት ሲገባስ? የምጣዱ ሙቀት በቮልቱ ልክ ብቻ አይደለም የሚወርደው፤ ወደ ሁለት ሦስተኛ ይወርዳል። እናቶች የሚያውቁት በቆጣሪ አይደለም፤ በእንጀራው ነው። ሊጡ ምጣዱ ላይ ይዘረጋል፣ ዓይን አያወጣም፤ ጠርዙ አይነሣም፤ ሲያወጡት ከሥር ይለጠፋል። «አብሲቱ ነው» ይባላል፣ ጤፉ ይታማል። መብራቱ ነው! ስለዚህ ትራንስፎርመሩን የምንጠይቀው ሰው ከገባ በኋላ ሳይሆን አሁን፣ የአርባውን ቤት ጭነት በወረቀት ደምረን ነው። አርዝም አትርሱ፤ ማሞቂያና ሻወር ባለበት ቤት አርዝ የሌለው መስመር አይታሰብም።

አራተኛ፣ መንገድ። ሁለት መንገድ አለ፤ በራችን ላይ ያለውና ወደ ደሴ የሚወጣው።

ከበራችን እንጀምር። አርባ ቦታ በ250 ካሬ አንድ ሄክታር ነው። በአንድ ሰዓት 30 ሚሊ ሜትር ቢዘንብ፣ በሐምሌ ይህ ብርቅ አይደለም፣ 300,000 ሊትር ውሃ ነው። 150 ባለ 2,000 ሮቶ አንድ ላይ ቢፈነዳ ማለት ነው። ሜዳው ጣሪያና ንጣፍ ሲሆን መሬቱ አይጠጣውም። ከላይ ከተራራው የሚመጣውን አልቆጠርኩም። ቦይ ይሠራል፣ ጥሩ። ከዚያ እያንዳንዱ ሰው መኪና ለማስገባት በበሩ ላይ ድልድይ ይሠራል፤ ከሥሩ የ20 ሳንቲም ቱቦ ይቀብራል። አርባ ቤት፣ አርባ ጠባብ ጉሮሮ! አንዱ ላይ ፌስታልና የዳቦ ላስቲክ ይታነቃል፣ ከእሱ በላይ ያሉት ሁሉ ይጥለቀለቃሉ። የታነቀበት ሰው ግን በሩ ደረቅ ነውና አያውቅም። ቱቦው 60 ሳንቲም ይሁን፤ ወይም ተነቃይ ክዳን ያለው ቦይ ይሁን፣ አካፋ እንዲገባ።

ኮብልስቶኑም የሚበላሸው በመኪና ክብደት አይደለም። ጠርዙን የሚይዝ ድንጋይ ሳይቀበር ስለሚነጠፍ፣ ከሥሩ ያለው በደንብ ስለማይረገጥ፣ ከሁሉም በላይ ከተነጠፈ በኋላ አንዱ ለውሃ፣ አንዱ ለኢንተርኔት ገመድ ስለሚቆፍረው ነው። የተቆፈረው ቦታ በክረምት ይሰምጣል። ከመነጠፉ በፊት በየ25 ሜትሩ መንገዱን የሚያቋርጥ ባዶ የ110 ቱቦ ይቀበር፤ ጫፉ ይታሸግ፣ ቦታው በካርታ ላይ ይጻፍ። የነገ ገመድ በእሱ ያልፋል።

ወደ ሐረጎ እንሂድ። አንድ ቶን ከ300 ኪሎ የሚመዝን መኪና 650 ሜትር ከፍ ለማለት፣ ለዳገቱ ብቻ፣ አንድ ሊትር ገደማ ቤንዚን ይበላል፤ ለርቀቱ የሚበላው ሌላ ነው። ደርሶ መልስ 4 ሊትር ያዙ። በወር 22 የሥራ ቀን፣ 90 ሊትር ገደማ። ለብቻህ ስትሄድ ያንተ ነው፤ አራት ጎረቤት ብትሆኑ ለሰው 22። ጊዜውም ያው ነው፤ ጥሩ ሲሆን ከ40 እስከ 50 ደቂቃ፣ ጉም ካለ ወይም ከባድ መኪና ከፊት ካለ አይታወቅም። 2 ሰዓት ተኩል ሥራ የሚገባ ሰው 1 ሰዓት ተኩል ሳይሞላ ከበሩ ይውጣ።

ከመውጣቱ ይልቅ የሚያስፈራው መውረዱ ነው፤ እኛ ደግሞ የምንወርደው ማታ፣ ደክሞን ነው። ደንቡ ይህ ነው፦ ዳገቱን በምን ማርሽ ትወጣዋለህ? በዚያው ማርሽ ውረደው። ማርሹ የሚገባው ከላይ፣ ገና ሳይፈጥን ነው። ፍሬን ላይ እግሩን ጭኖ የሚወርድ ሰው ሸራው ይግላል፤ ሽታው ይመጣል፤ ከዚያ የፍሬን ዘይቱ ውስጥ የገባው እርጥበት ይፈላል፣ ፔዳሉ እንደ ስፖንጅ ይሆናል። ስለዚህ ዘይቱ በሁለት ዓመት ይቀየር፤ ጥቁር እስኪሆን አይጠበቅም። የጋለ ፍሬን ላይ ውሃ አይረጭም፣ ይሰነጠቃል። ፍሪ አድርጎ ቤንዚን ቆጠብኩ የሚል ደግሞ አለ፤ አሁን ያሉት መኪኖች በማርሽ ሲወርዱ ቤንዚኑን ራሳቸው ይዘጋሉ፣ ፍሪ ሲሆኑ ነው የሚያቃጥሉት። ፍሬኑንም ቤንዚኑንም አጣ ማለት ነው።

ስለ ልጆች ትምህርት ቤት ብዙ አልልም፤ ሕፃን ልጅ በየቀኑ ሐረጎን አይውጣ። አርባ ቤት ካለ ለአንድ መዋዕለ ሕፃናት የሚበቃ ልጅ አለ፤ ቦታውን ከአሁኑ እንከልል።

እንግዲህ ወደ ጋራው ነገር። በፈረንጆቹ 1869 አካባቢ ከቺካጎ 14 ኪሎ ሜትር ገደማ ወጣ ብሎ፣ በባቡር መስመር ላይ፣ ሪቨርሳይድ የምትባል ሰፈር ተነደፈች። የነደፏት ፍሬድሪክ ሎ ኦልምስቴድና ካልቨርት ቮክስ ናቸው። ሀብታሞች ከከተማ ወጥተው ይኖሩባት ዘንድ ነው። ከቤቱ በፊት ምን ሠሩ? መንገዱን፣ የውሃውን፣ የፍሳሹን፣ የጋዝ መብራቱን መስመር። ከ1871 የቺካጎ ቃጠሎና ከ1873 የገንዘብ ቀውስ ጋር ተያይዞ ድርጅቱ ከሰረ፤ ቤቱም ብዙ ሳይሠራ ዘገየ። ግን መንገዱና ቱቦው መሬት ውስጥ ነበርና ሰው ቀስ እያለ መጥቶ ሞላው። ገንዘባችን በመሃል ቢያልቅብን እኛስ ምን ሠርተን ይለቅብን? ግማሽ ቪላ ወይስ ሙሉ ቦይ?

ገንዘብ የለም እንዳትሉኝ። አጥራችሁን ቆጥሬያለሁ። ሁሉም 3 ሜትር አጥር ነድፏል፣ ከላዩ የጠርሙስ ስባሪ፣ ከዚያ በላይ እሾሃማ ሽቦ። የ10 በ25 ቦታ ዙሪያ 70 ሜትር ነው፤ የበሩን 4 ሜትር ቀንሱ፣ 66። በካሬ 12 ብሎኬት ተኩል ይገባል። ሦስተኛዋ ሜትር ብቻ 825 ብሎኬት ትበላለች። አጎራባቾች አጥሩን ቢጋሩ እንኳ ለአርባው ቤት ከ15,000 ብሎኬት አያንስም፤ ሲሚንቶውን፣ አሸዋውን፣ የእጅ ዋጋውን ጨምሩበት። አጥሩ 2 ሜትር ይሁንና ሦስተኛዋን ሜትር ለቦዩ አበድሩት። ጎረቤቱን የማያይ ሰው ጎረቤቱም አያየውም፤ ሌባ የሚወደው እንዲህ ያለውን ሰፈር ነው።

ማን ይሰበስበዋል? ቅሬ አለን አይደል? ለሞት ቅሬ የሌለው የወሎ ሰው አለ? እስላሙ ክርስቲያኑ አብሮ የሚቀብርበት፣ ድንኳኑና ድስቱ የጋራ የሆነበት፣ ዳኛው ሲጠራ የማይቀርበት። ይህንኑ ሥርዓት ለቱቦ እናድርገው። በወር መዋጮ፣ ቅጣት ያለው፣ መዝገብ ያለው። ቦዩን በሰኔ መጀመሪያ የሚጠርግ ተራ፣ የጋራ ታንከሩን የሚያጥብ ተራ፣ መጣጭ መኪና አንድ ቀን አስመጥቶ ለአሥር ቤት የሚያከራይ ሰው። አሥር ቤት አንድ ላይ ሲጠራ መኪናው ከደሴ ባዶውን አይመላለስም።

ለዛሬ የማስወስናችሁ አንድ ነገር ነው፦ አርባው ቤት በየራሱ ጉድጓድ ይቆፍር ወይስ በአንድ ቱቦ ወደ ታች እናውርድ። እጅ ከማውጣታችሁ በፊት ግን አፈሩ ይናገር። ስንት ሆነ? 4 ሰዓት ከሩብ? አንድ ሰዓት ሞልቷል። ቶናውን ያልጠጣችሁ ይዛችሁት ተነሡ። ሜትሩ ማን ጋ ነው? በጠርዙ አትርገጡ፣ አፈር ይገባበታል። አንድ ሰው ይንበርከክ፣ ከሚስማሩ ጭረት እስከ ውሃው ይለካ፣ ሳንቲሙን ጮክ ብሎ ይንገረን።